ሁለቱ ያልተነኩ መደቦች

አሊ እንዲሁ ስልክ የሚደውል ሰው አይደለም። ከሚሴ ቢሮ ሾፌራችን በነበረበት ጊዜም ጎማ ካልፈነዳ በቀር አፉን አይከፍትም ነበር። ባለፈው ሚያዝያ በማለዳ ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ልቤ ድንግጥ አለ።

«ሙሄ፣ አዴ ሉባባ አኼራ ሄደች» አለኝ።

«ኢና ሊላህ! መቼ?»

«ትናንት። ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርናት።»  የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ። «አለሁ፣ አለሁ» አለ። «ለአንተ የተወችው አደራ አለ፤ እኔ ጋ ነው። ደሞ መቃብሯ ሲቆፈር የሆነ ነገር አለ። በስልክ አይነገርም፤ ና።»

«ምን ሆነ? ንገረኝ እንጂ!»

«ያ ቦታ መቃብር አይደለም ትል አልነበር?» አለና ዘጋው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ሰው ሞተ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ እናት አባቴን ቀብሬያለሁ። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስስቅበት የኖርኩት ነገር ነው ተመልሶ የመጣብኝ። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ካልሆነ እኔም ራሴን መያዝ አልችልም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ቀያሽ ሆኜ ከሚሴ ተመደብኩ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር፤ ዲፕሎማዬን በመስታወት አሠርቼ ከአልጋዬ በላይ የሰቀልኩ ሰው ነኝ። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። የመጀመሪያ ሥራዬ በጨፋ ረግረግ ዳር ማፋሰሻ ቦይ መቀየስ ነበር። ቦርከና ክረምት ሲሞላ ውሃው ማሳው ላይ እየተኛ ማሽላውን ስለሚያበሰብስ፣ ገበሬው ውሃው የሚሸሽበት መንገድ ይፈልግ ነበር። ገመድ፣ ችካልና የአፈር መሰርሰሪያ ጭነን ከአሊ ጋር ከጨፋ ሮቢት ወደ ታች ወረድን።

በሦስተኛው ቀን መስመሬ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ የእሾህ አጥር ውስጥ ገባ። አጥሩ ውስጥ አበባ አለ። አበባ ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ አበባ አይደለም! ሥሩ ሽንኩርት የሚመስል ራስ አለው፤ ቅጠሉ ረጅምና ሰፊ ነው፤ ከመሃሉ ክንድ የሚያህል አገዳ ይወጣና ጫፉ ላይ አምስት ስድስት ሆኖ ነጩ ይፈነዳል፤ በእያንዳንዱ ነጭ ላይ መሃል ለመሃል አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ወርዷል። ድሮ በጨፋ በየቦታው ነበር ይላሉ፤ እርሻው እየገፋ ሲመጣ ጠፋ። የመጽሐፍ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። አገሬው አባቦ ቢሻኒ ይለዋል፤ የውሃ አበባ እንደማለት ነው።

አጥሩን ልነቅል እጄን ስሰድ አንዲት ሴት ከቄጠማው ውስጥ ብድግ አለች። ቀጭን ናት፣ ረጅም፤ ጭቃው ክርኗ ደርሷል፤ ፕላስቲክ ጫማዋን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣለች።

«ነጋ ጅርታ?» አለችኝ። ደህና ነህ ወይ ማለቷ ነው። እዚያ አገር ጠብ ሊነሳ ሲል እንኳ ሰላምታ አይቀርም።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ቦዩ በዚህ ያልፋል፤ አበባውን አንሺ።»

«አይነሳም። እዚህ ሰው አለ።»

«የምን ሰው?»

«ሁለት ሰው ተቀብሯል። አበባው ምልክቱ ነው።»

መቃብር ላይ እርጥብ ነገር መትከል የእኛም ወግ ነው። ብዙውን ጊዜ እሬት ይተከላል፤ አረንጓዴው እስካለ ድረስ ለሞተው እፎይታ ነው ይባላል። ስለዚህ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ከኋላዬ የቆሙት ገበሬዎችም «እውነቷን ነው፣ መቃብር ነው፤ ከረሃቡ ተመልሰን ስንመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉ። አሊ ይኼን ሲሰማ ሞተሩን አጠፋ፤ ለመቃብር ክብር መሆኑ ነው።

እኔ ግን የተማርኩ ነኛ! ጠዋት ከዚያው አጥር አሥር እርምጃ ርቄ ሰርስሬያለሁ፤ ጉልበት ሳይሞላ ውሃ ፊን ብሏል። ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን፣ ሬሳውን ውሃ ውስጥ የሚያስተኛ ማን አለ? ለመቃብር ደረቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ነው የሚፈለገው። ጠጋ አልኩና ሰው እንዳይሰማን በሹክሹክታ፣ «አዴ፣ ውሃ ውስጥ ሰው ይቀበራል እንዴ?» አልኳት፤ አዴ እናት እንደማለት ነው።

ትክ ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን አሁን አሁን በእንቅልፌ ሁሉ አየዋለሁ። ከዚያ «አንተ የተማርክ ነህ» አለች። 

ሳቅሁ። ዓይኔንም ጠቀስኩላት። ሴትዮዋ አበባዋን ለማዳን መቃብር ፈጥራለች፣ ጎበዝ ናት፣ አልኩ በሆዴ። ተንኮሏ ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ! መስመሩን ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ታች አጠመምኩትና ካርታዬ ላይ እርሳሴን አወጣሁ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም።

«መቃብር ብዬ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ይጻፋል? መቃብር መቃብር ነው» አልኳትና ወረቀቱን ጠቀለልኩ። እሷም አጎንብሳ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ስንመለስ አሊ «መቃብሩን ስለተውክ አላህ ይስጥህ» ቢለኝ «የምን መቃብር አመጣህ!» ብዬ ውሃው ጉልበት ላይ መገኘቱን በኩራት አስረዳሁት። አሊ መሪውን እንደያዘ «ተው ሙሄ፣ በመቃብር አይቀለድም» አለኝ። 

እኔና አዴ ሉባባ ግን ወዳጅ ሆንን። መስክ በወጣሁ ቁጥር ጎራ እላለሁ። ስሜን ትታ «ባለ ገመዱ» አለችኝ፤ እኔም እናቴን አንቺ እንደምላት አንቺ አልኳት። ከአጥሩ በላይ ባለች ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ዱሮ ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ ወርዶ በዚያው ቀረ ይላሉ። ልጅ አላየሁባትም። አልጠየቅኳትምም፤ ልጅ የሌላትን ሴት ስለ ልጅ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ አድጌያለሁ። አሁን ሳስበው ጨዋነት መስሎኝ ነው ያጠፋሁት።

ያን አበባ እንዴት እንደምትይዘው ብታዩ! ጭቃ ውስጥ የበቀለ ነገር ምን እንክብካቤ ይፈልጋል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ታመላልሳለች። ቄጠማው እንዳያንቀው በእጇ ትነቅላለች፤ ማጭድ አታስነካውም፣ ማጭድ የአበባውን አንገት ይቆርጣል ትላለች። ጃርት ራሱን ቆፍሮ እንዳይበላባት አጥሩን በየሳምንቱ ታጠብቃለች። ደግሞ ሦስት ዓመት ሲሞላው ከሥር ልጆች እያወጣ ይተፋፈጋል፤ ሲተፋፈግ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ መደቡን ትከፍትና ትንንሾቹን ከትልቁ እያላቀቀች ራቅ ራቅ አድርጋ ትተክላለች።

«ሲጠበው ያኮርፋል» ትለኝ ነበር። «አንተስ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነህ ብትተኛ ታብብ ነበር?»

እኔንም አበባ ተካይ ልታደርገኝ ሞክራለች። አንድ ራስ ሰጠችኝና ቢሮው በር ላይ ተከልኩት፤ ሥራ አገኘሁ ብዬ በቀን ሦስቴ አጠጣሁት፤ በሳምንቱ ሸተተ። ይዤላት ብሄድ አገላብጣ አየችውና «አንገቱን ለምን ቀበርከው? መተንፈሻው እኮ ነው! አፍነህ ገደልከው፣ አንተ!» አለች። ሁለተኛ ሰጠችኝ። ያን ደግሞ የዘበኛው ፍየል በላው። ይኼን ስነግራት ፍየሉን ትታ እኔን ስትሰድበኝ ዋለች። ሦስተኛውንም ሰጠችኝ፤ እጇ ለጋስ ነበር፤ የጠየቃትን ሁሉ አትመልስም። የምትሰጠው ግን ሁሌም ከዳር ካለው ነው፤ ከላይ በኩል ካሉት ከሁለቱ መደቦች ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

እነዚያ ሁለት መደቦች ጎን ለጎን ናቸው፣ አጫጭር፤ አንዱ ከአንዱ ያንሳል። ሌላውን ሁሉ በሦስት ዓመቱ ስትከፍትና ስታላቅቅ እነዚያን አትነካቸውም። ራስ በራስ ላይ ተደራርቦ ከመሬት ወጥቷል። አበባው በዓመት አንድ ሁለት ቢታይ ነው። የበለጠ የምታጠጣው ግን እነሱን ነው። እኔን ይኼ ያበሽቀኝ ነበር፤ ራሷ ያስተማረችኝን ራሷ ስታፈርስ! አንድ ሚያዝያ ላይ ምንጭ ወርዳ ሳለ ደርሼ፣ ላስደስታት ብዬ መቆፈሪያዋን አነሳሁና ትንሹን መደብ አንድ ጊዜ ቆረቆርኩት።

«ዺሲ! ዺሲ!»

ተው ተው ማለት ነው። ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ጀሪካኑን ጥላ እየሮጠች መጥታ እጄን ከነመቆፈሪያው ያዘችኝ።  ውሃው ከኋላዋ ቁልቁል ይፈሳል፣ ዘወር ብላም አላየችው።

«እነዚህ አብረው ይተኙ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

«እንዲህ ሆኖ አያብብማ፣ አዴ! አንቺው አይደለሽ ያልሽኝ?»

«አያብብ። መብቀሉ ይበቃል።»

ከዚያ የቆረቆርኩትን አፈር በመዳፏ መለሰችና ደጋግማ ዳበሰችው። ግትርነት ነው ብዬ አለፍኩት። ያ አላህ! ምነው ያን መቆፈሪያ ባላነሳሁት!

ቀልዴን ደግሞ ስሙልኝ። በሄድኩ ቁጥር አጥሩ ጋ ቆሜ «ሟቾቹ እንዴት ናቸው?» እላት ነበር። እሷ አትስቅም። «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ውሃ አጠጥቻቸዋለሁ» ትለኛለች። ሳትስቅ መመለሷ ነበር ይበልጥ የሚያስቀኝ። ተዋናይ ብትሆን የት በደረሰች እል ነበር።

ይኼን ታሪክ ያልነገርኩት ሰው የለም። ሰርግ ላይ፣ በርጫ ላይ፣ ስልጠና ስንሄድ ባሕር ዳር ድረስ፣ «አንዲት ሴትዮ አበባ ለማዳን ሁለት ሬሳ ፈጥራ ቦይ አስጣመመችኝ» እያልኩ ሰው አንጀቱ እስኪቆስል አስቃለሁ። ኮምቦልቻ ከተዛወርኩ በኋላማ አዳዲስ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ነው የማወራው። ካወራሁላቸው ሰዎች አንዱ በኋላ እዚያው ከሚሴ ተመደበ። ቢሮው አሮጌውን ቦይ ሊያሰፋና መስመሩን ሊያቀና ሲነሳ ሥራውን የያዘው እሱ ነው። ካርታው ላይ መቃብር የሚል ሲያገኝ «ይኼማ የሙሄ ቀልድ ነው፣ መቃብር የለም» አለ።

አዴ ሉባባ ቤቴ መጣች። በሕይወቷ ኮምቦልቻን ያየችው ያን ቀን ይመስለኛል፤ ከመናኸሪያ ጀምራ ሰው እየጠየቀች ነው የደረሰችው። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ራስ አምጥታልኛለች፣ አራተኛ መሆኑ ነው። ቁጭ ሳትል «ባለ ገመዱ፣ መቃብር አይደለም ብለሃል አሉኝ» አለች።

«ኧረ እኔ…»

«ናና መቃብር ነው በል።»

«አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ!» አልኳት። የተንኮል ጓደኛዬን ላድን የምሄድ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ስብሰባው ዋርካ ሥር ነበር። ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ገበሬው አለ፣ ያ ባለሙያ ወረቀቱን ዘርግቷል። እሷ ተነሳች። «ሁለት ናቸው። ቦታቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አበባው ከተነቀለ እኔም አጣቸዋለሁ» አለች። ባለሙያው «ቦታው ላይ ጉልበት ሳይቆፈር ውሃ ይገኛል፤ ሰርስሮ ያየው ሰው እዚህ አለ፤ እሱ ይናገር» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

እውነቱን ልናገር ብል አበባዋ ሊነቀል ነው። ልዋሽ ብል አላህም ሰውም እየሰማ ነው። እውነት የምላችሁ ያኔ እውነት የመሰለኝን ነው። በዚህ መሃል አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ብልሃት ብዬ! ፈገግ አልኩ፣ ለባለሙያው ዓይኔን ጠቀስኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እንግዲህ አዴ ሉባባ መቃብር ነው ካለች መቃብር ነው፤ ማን ይከራከራታል!» አልኩ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ባለሙያውም ሳቀ። ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ «በቃ፣ ለአበባዋ ሲባል ይተውላት፤ ቦዩ በአሮጌው መስመር ይሂድ» አለ። ሰው ትከሻዬን እየመታ አመሰገነኝ። እሷ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ወጣች። ሳቋን መደበቋ ነው ብዬ ነበር።

ልሰናበታት ስሄድ አጥሩ ጋ ቆማ አገኘኋት። «ሟቾቹ ተረፉ!» አልኳት እየሳቅኩ።

«አላህ ይስጥዎት» አለችኝ።

ባለ ገመዱ አላለችኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላለችኝም፤ አንቱ ሆንኩ። ውለታዬ ከብዷት ያከበረችኝ መሰለኝ። መንገዱም ራቀኝ፣ ሥራም በዛ፤ ቀስ በቀስ መሄዴን ተውኩ።

እንግዲህ አሊ ሲደውል የተነሳሁት ይኼን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ከሚሴ መናኸሪያ ተቀበለኝ። ለቅሶ ቤቱ ገብተን ተቀመጥን፣ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ይዞኝ ወደ ጨፋ ወረደ።

አጥሩ እንደነበረ ነው። ከሁለቱ መደቦች በላይ፣ ደረቁ ዳር ላይ፣ ትኩስ አፈር ተቆልሏል።

«ከአበባዬ በላይ ቅበሩኝ ብላ ተናዛ ነበር» አለ አሊ። «ቆፋሪዎቹ ወደ መደቡ ጠጋ ብለው ጀመሩ። ጭን ሳይደርሱ አካፋው ድንጋይ መታ። ጠረግ ሲያደርጉት ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ መቃብር ክዳን ተደርድሮ። ሸሁ ዘለው ገቡና ‹ያ አላህ! መልሱ፣ መልሱ!› አሉ። መለስን። ወደ ጎን ፈቀቅ ብለን ስንጀምር ሌላ ሦስት ድንጋይ። የአንዱ መቃብር ርዝመት ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፣ ሙሄ። የሌላው ክንድ ተኩል ብቻ ነው።»

 አሊ ከኪሱ የድንጋይ ፍንካች አወጣና እጄ ላይ አኖረው። «አካፋው የሸረፈው ነው። አንተ ድንጋይ ታውቃለህ ብዬ ነው ያስቀመጥኩልህ።»

አዎ፣ አውቃለሁ። ያን ረግረግ ስንት ቦታ ሰርስሬዋለሁ፤ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ጠጠር እንኳ የለበትም። ይኼ ድንጋይ የኮረብታው ነው። ኮረብታው ደግሞ ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው። ስድስት ድንጋይ! እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ውሃ ውስጥ ግን እንዴት…» አልኩ። ይኼን ሁሉ አይቼም አሁንም ስለ ውሃ ነው የማወራው!

«በሰባ ሰባት ውሃ የት ነበር?» አለኝ አሊ።

ሱብሃነላህ! ያን ዓመት እኔ ደሴ ተማሪ ነበርኩ። ረሃቡን አይቻለሁ፤ ሰው በመንገድ ዳር ተደርድሮ እያየሁ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። ጨፋን ግን የማውቃት በውሃዋ ነው። ዳሯ ደርቆ ያውቃል የሚል ሐሳብ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም። ገበሬዎቹ እኮ ነግረውኛል፤ ከረሃቡ ስንመለስ ጀምሮ ብለውኛል!

አሊ ስትታመም እየሄደ ይጠይቃት ነበርና ያኔ የነገረችውን ነገረኝ። ባሏ ወደ አዋሽ ወርዶ ሲቀርባት፣ ጨፋ ሣርና ውሃ አይጠፋም ብላ ሁለቱን ልጆች ይዛ ከተራራው ወረደች። ስትደርስ ዳሩ ተሰነጣጥቋል፣ አገሬው እርዳታ ፍለጋ ወደ መንገዱ ወጥቷል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ሄዱባት። የሚቀብርላት ሰው አልነበረም። ኮረብታው ድንጋይ ነው፤ ለመቆፈር አቅም የላትም፤ እዚያው ከመሬቱ ስንጥቅ ጀምራ በራሷ ቆፈረች። ድንጋዩን ከኮረብታው አንድ በአንድ አመጣች። የቀብር ሶላታቸውንም ብቻዋን ሰገደች።

«በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ተመለሰ» አለ አሊ። «አፈሩ ሰጠመ፣ ቦታቸው ሊጠፋባት ሆነ። እሬት ተከለች፤ ውሃው አበሰበሰባት። ድንጋይ አቆመች፤ ጭቃው ዋጠው። ከዚያ ውሃ የማይገድለው ምን አለ ብላ ስትፈልግ አባቦ ቢሻኒን አገኘች። ሌላው ሁሉ እነዚያ ሁለቱ ቢሞቱባት መተኪያ እንዲሆን ያባዛችው ነው።»

እነዚያን ሁለቱን ነው ልቆፍር የነበረው። ሟቾቹ እንዴት ናቸው ያልኩት ስለ እነሱ ነው። ዋርካ ሥር አገር ያሳቅኩት በእነሱ ነው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ለምን አልነገረችኝም?» አልኩ በመጨረሻ።

«ነግራሃለች እኮ። በመጀመሪያው ቀን፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ ነገረችህ።»

«በስብሰባው ቀንስ ምነው ዝም አለች?»

«‹ቦዩን ሁለት ጊዜ አጥምሞልኛል፤ እሱ ይሳቅ፣ እነሱ ይተኙ› ነው ያለችኝ።» አሊ ቀጠለና «ቂም አልያዘችብህም፣ ሙሄ። አበባውን ማጠጣቱን እኔና ባለቤቴ ተራ ይዘናል፣ አታስብ» አለኝ።

አደራው ትዝ አለኝ። አምስተኛ ራስ የተወችልኝ መስሎኝ ነበር፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሆነ ቦታ እየጠበቀኝ። «አደራው የታል?» አልኩት።

«ስማቸው ነው» አለ። «‹እንዴት ናቸው እያለ ስንት ዓመት ጠይቆኛል፤ ስማቸውን ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ካርታው ላይ ይጻፍልኝ› ብላለች። ትልቁ ሰይድ ነው፤ አምስት ዓመቱ ነበር። ትንሿ ሐዋ ናት፤ መዳህ ጀምራ ነበር።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ወረቀት ስላልነበረኝ መዳፌ ላይ ጻፍኩት፤ ሰይድ፣ ሐዋ። ያን የመጀመሪያ ቀን፣ ካርታዬን ልጠቀልል ስል፣ «ሌላስ?» ያለችኝ ይኼን ነበር።